ያገለገለ የኒውክሌር ጌጅ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ እንዴት ይጓጓዛል

የኒውክሌር ቆሻሻ ማጓጓዝ ሲባል ብዙው ሰው የሚታየው ከኃይል ማመንጫ የወጣ ነዳጅ የጫነ ባቡር ነው። ያ ጭነት የሚሄደው ቢ ዓይነት በሚባል ወፍራም የብረት ዕቃ ነው። የዕቃው ሥሪት ከ9 ሜትር ከፍታ ተጥሎ፣ በ800 ዲግሪ እሳት 30 ደቂቃ ነዶ፣ ውሃ ውስጥ ሰምጦ የተፈተነ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የሚያጋጥመው ግን ሌላ ነው፤ መንገድ ሥራ ላይ የአፈርና የአስፋልት ጥግጋት የሚለካው ጌጅ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሳይት ላይ ኮንቴይነር ጥግ ተረስቶ የሚቀረው። እሱ የሚጓዘው በኤ ዓይነት ሣጥን ነው። ኤ ዓይነት የሚፈተነው ለዝናብ፣ ለ1.2 ሜትር ውድቀት፣ ለመደራረብና 6 ኪሎ የብረት ዘንግ ከ1 ሜትር ሲወድቅበት ነው። ለእሳትና መኪና ለመገልበጥ አልተሠራም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጥንቃቄው ከሣጥኑ ይልቅ አስተሳሰሩ፣ ወረቀቱና ሾፌሩ ላይ ይወድቃል።

ውስጡ ምን አለ?

የተለመደው ጌጅ ሁለት የጨረር ምንጭ አለው፤ መጠናቸው የሚለካው በቤኬሬል ነው፣ ጊጋቤኬሬል ማለት አንድ ቢሊዮን ቤኬሬል ነው። በዘንጉ ጫፍ 0.3 ጊጋቤኬሬል ገደማ ሲዚየም-137፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ 1.48 ጊጋቤኬሬል አሜሪሲየም-241 ከቤሪሊየም ጋር። ሲዚየሙ በ30 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ አሜሪሲየሙ 432 ዓመት ይፈልጋል። «አሮጌ ነው፣ ባትሪውም ሞቷል» ብሎ ነገር የለም። ባትሪው የስክሪኑ እንጂ የጨረሩ አይደለም።

ከመነሳት በፊት

ፈቃዱ ከኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ይወጣል፤ ድሮ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ይሠራው የነበረውን አሁን የያዘው እሱ ነው። ተቀባዩ ማን እንደሆነ በጽሑፍ ሳይታወቅ መኪና አታስነሱ። ከተቻለ ወደ አምራቹ መመለስ ይመረጣል።

ሁለተኛው ወረቀት የካፕሱሉ የ«ልዩ ቅርጽ» ምስክር ወረቀት ነው፣ ማለትም ምንጩ የታሸገባት ትንሽ የብረት ዕቃ በቀላሉ እንደማትሰበር የሚመሰክረው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ይህ ምስክርነት ከሌለ በኤ ዓይነት ሣጥን የሚፈቀደው አሜሪሲየም-241 እስከ 1 ጊጋቤኬሬል ብቻ ነው። የጌጁ 1.48 ያንን ያልፋል። ምስክር ወረቀቱ የሚያበቃበት ቀን ስላለው ቀኑን እዩ። ካለፈ ሣጥኑ አዲስ ቢመስልም ጭነቱ ደንብ የጣሰ ነው፤ የታደሰውን ከአምራቹ ጠይቁ፣ ካልተገኘ ባለሥልጣኑ በልዩ ሁኔታ እስኪፈቅድ ጠብቁ።

ሦስተኛው የማፍሰስ ምርመራ ነው። በአልኮል በረጠበ ጥጥ የጌጁ ወለል፣ የዘንጉ ቀዳዳ ዙሪያ ይጠረግና ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ዘንጉን ራሱን መንካት የለም። ከ185 ቤኬሬል በላይ ከተገኘ ጌጁ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ታሽጎ ባለበት ይቆያል።

የጭነት ሰነዱ ላይ ዩኤን 3332 (የዚህ ዓይነት ጭነት ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር)፣ የንጥረ ነገሮቹ ስም፣ መጠናቸው በቤኬሬል፣ የምልክቱ ደረጃና የማጓጓዣ ኢንዴክስ (የሁለቱም አወጣጥ «ልኬት» ሥር አለ) ይጻፋል። ሰነዱ ጋቢና ውስጥ፣ ሾፌሩ እጁን ሲዘረጋ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ሣጥኑ ውስጥ ከተቆለፈበት አደጋ ሲደርስ ማን ሊያነበው?

ልኬት

መጀመሪያ ከጌጁ ራቅ ብላችሁ የአካባቢውን ልኬት ያዙ። ደሴ ከኮምቦልቻ ከፍ ስለምትል ከሰማይ የሚመጣው ጨረር እዚያ ትንሽ ይጨምራል፤ አትደንግጡ። ከዚያ የሣጥኑን ስድስቱንም ፊት አስጠግታችሁ፣ ቀጥሎም በ1 ሜትር ርቀት ለኩ። ሰው የሚቀበለው ጨረር የሚለካው በማይክሮሲቨርት ነው፤ በ1 ሜትር ላይ ያገኛችሁት ትልቁ የማይክሮሲቨርት በሰዓት ቁጥር ለ10 ሲካፈል የማጓጓዣ ኢንዴክሱ ነው፤ 4 ካነበባችሁ 0.4 ይሆናል። ሣጥኑ ላይ ከ500 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ካላለፈና ኢንዴክሱ ከ1 ካልበለጠ ቢጫ ሁለት የሚባለው ምልክት በሁለት ትይዩ ጎኖች ይለጠፋል። ጌጅ በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

አንድ ወጥመድ አለ። አሜሪሲየም ከቤሪሊየም ጋር ሲሆን ኒውትሮን ይለቃል፤ ተራው መለኪያ ደግሞ ኒውትሮን አያይም። የኒውትሮን መለኪያ ከሌላችሁ አምራቹ ለሞዴሉ የሰጠውን ኢንዴክስ ውሰዱ እንጂ በራሳችሁ ዝቅተኛ ንባብ አትመኑ።

ዘንጉ ወደ ላይ ተስቦ ተቆልፎም ከጌጁ ሥር ከፍተኛ ንባብ ከመጣ ከታች ያለው መዝጊያ በጭቃ ወይም በአስፋልት ተይዞ አልተዘጋም ማለት ነው። ጥቁር አፈር ላይ የሠራ ጌጅ ይህ ያገኘዋል። የሚያጸዳው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ከጎን ሆኖ በረጅም ብሩሽ። መዝጊያው ሳይመለስ አይጫንም።

አጫጫን

ዘንጉ ላይ ጓጉንቸር፣ ሣጥኑ ላይ ጓጉንቸር፣ ከመኪናው ጋር ደግሞ ሰንሰለት። ሣጥኑ 40 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ያንሳው። ፒክአፕ ላይ ከጋቢናው ራቅ ይበል፣ የኋላውን መዝጊያ ግን አይንካ፤ በሁለት የጭነት ቀበቶ ተሻግሮ ይታሰር። ተራ ገመድ ሲረጥብ ይላላል።

መንቀጥቀጥ ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ከማዕድን ማውጫ ወደ ፐርዝ ሲጓዝ የነበረ ጌጅ ብሎኑ በመንገድ መንቀጥቀጥ ወልቆ፣ 6 በ8 ሚሊሜትር የሆነች የሲዚየም ካፕሱል በብሎኑ ቀዳዳ ሾልካ ወደቀች። 1,400 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው መንገድ ላይ በመለኪያ ስትፈለግ ነው የተገኘችው። ስለዚህ እያንዳንዱን ብሎንና ዳዶ አጥብቁ፣ ጥብቅ መሆኑንም በቀለም ምልክት አድርጉ፤ መስመሩ ከተዛነፈ ላልቷል ማለት ነው። ከደሴ የተነሳ ቁልቁለቱን እንደጨረሰ ኮምቦልቻ ላይ፣ ከኮምቦልቻ የተነሳ ሐርቡ ላይ ቆሞ ማሰሪያውን ይፈትሽ።

በመኪናው ሁለት ጎንና በኋላው 25 ሴንቲሜትር ጎን ያለው የጨረር ምልክት ይሰቀላል። ከሾፌሩና ከረዳቱ በቀር ማንም አይሳፈር፤ «እስከ ከሚሴ ብቻ» የሚል ዘመድም ቢሆን።

መንገድ ላይ

በብርሃን ተነስታችሁ በብርሃን ግቡ። ክረምት ላይ የደሴ ጉም ወይም የጣርማበር ጭጋግ ከወረደ ጠብቁ። ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ሲና ምሳ ሲበላ አንዱ መኪናው ጋር ይቀራል። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ኮባልት-60 የጫነ መኪና ነዳጅ ማደያ ቆሞ ሳለ ተሰረቀ፤ ሌቦቹ ምን እንደያዙ አያውቁም ነበር፣ መከለያውም ተከፍቶ ተገኘ።

ሾፌሮች የሚፈሩት ጨረሩን ነው፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ኢንዴክሱ 0.4 ከሆነ በ2 ሜትር ላይ በሰዓት 1 ማይክሮሲቨርት ነው፤ 10 ሰዓት ቢነዳ 10። ለማንኛውም ሰው የተቀመጠው የዓመት ወሰን 1,000 ነው። ያው ሲዚየም ከመከለያው ወጥቶ ሲቀርብ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በ1 ሜትር በሰዓት 25 ማይክሮሲቨርት ገደማ የነበረው በ1 ሴንቲሜትር 10,000 እጥፍ ይሆናል። ኪስ ውስጥ ከዋለ ሥጋ ያቃጥላል።

መኪናው ከተገለበጠ

ቁስለኛን ማዳን ይቀድማል፤ ጨረር ተፈርቶ ሰው አይተውም። ከዚያ 30 ሜትር ዙሪያ ይታጠር፤ እሳትና ጭስ ካለ 300 ሜትር። ለፖሊስና ለባለሥልጣኑ ደውሉ፣ ሰነዱን ስጡ። መለኪያ ያለው ሰው በ1 ሜትር ለክቶ ከኢንዴክሱ ጋር ያስተያይ፦ 0.4 ተብሎ 4 ከተነበበ መከለያው ደህና ነው፤ 30 እና 40 ከተነበበ ተሰብሯል ወይም ምንጩ ወጥቷል። የወደቀ የብረት ቁራጭ በእጅ አይነሳም። አጥሩ ውስጥ መብላት፣ ማጨስና ጫት መቃም የለም፤ የነበሩት ሰዎች ስማቸው ይመዝገብ።

እሳቱ በውሃ ይጥፋ፣ ግን አስፋልቱን «እናጽዳ» ብሎ ማጠብ ክልክል ነው። ካፕሱሉ ተሰብሮ ከሆነ ያ ውሃ በቦይ ቦርከና ይገባል፤ በቦርከና ደግሞ አትክልት ይጠጣል። የውሃውን መውጫ በአፈር ገድቡት። ሲዚየም ሸክላማ አፈር ላይ ስለሚጣበቅ የላይኛውን አፈር ዛቅ አድርጎ ማንሳት ይቻላል፤ ወንዝ ከገባ በኋላ ግን ማን ይሰበስበዋል? የደረቀ አቧራ እንዳይነሳ ሸራ አልብሱት፣ የአሜሪሲየም ክፋቱ ሲተነፈስ ነውና።

ካልተጓጓዘስ?

ጌጁን ሳይት ላይ መተው ከማጓጓዝ የባሰ ነው። ቆራሌ በኪሎ ይገዛዋል፣ መከለያው እርሳስና ተንግስተን ስለሆነ ያጓጓዋል። ብራዚል ጎያኒያ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የተጣለ የሕክምና መሣሪያ ቁራጭ ብረት ነጋዴ ጋ ተከፍቶ 4 ሰው ሞቷል፣ 249 ሰው ተበክሏል። ብረት ወደሚቀልጥበት ፋብሪካ ከገባ ደግሞ የጨረሩ ምንጭ ከብረቱ ጋር ይቀልጣል፤ በ1983 እና 84 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሁዋሬዝ ላይ ኮባልት-60 ከቁራጭ ብረት ጋር ቀልጦ፣ ፌሮ ብረት ሆኖ ቤት ተሠርቶበታል። የቁራጭ ብረት ግቢ ያላችሁ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት ወይም ከመጠኑ በላይ የሚከብድ የተዘጋ ዕቃ ካያችሁ አትቁረጡት፤ ከሰው አርቁ፣ ደውሉ።

ርክክብ ላይ የጌጁና የሁለቱ ምንጮች መለያ ቁጥር ከሰነዱ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከርና በደረሰኝ ይፈረማል። የመኪናው ምልክት እዚያው ይወርዳል። ባዶው ሣጥን ከተመለሰ ተለክቶ ምልክቱ ይላጥ፤ ሳይላጥ የመፍቻ ማስቀመጫ ሆኖ ገበያ ከወጣ አንድ ቀን ኬላ ላይ ሙሉ መኪና ያስቆማል።