በአሜሪካ ታሪካዊ ሕንፃ ሲያድሱ የ20 በመቶውን የታክስ ክሬዲት ለማግኘት

የፌዴራሉ መንግሥት ታሪካዊ ሕንፃ ላደሰ ባለንብረት ከዕድሳት ወጪው 20 በመቶ የሚሆነውን ከገቢ ግብሩ ላይ ይቀንስለታል። ሕንፃው ግን የሚከራይ ወይም ለንግድ የሚውል መሆን አለበት፤ ራስዎ የሚኖሩበት ቤት አይገባም።

ከሁሉ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። ከገዙበት ዋጋ ላይ የመሬቱን ዋጋና እስካሁን የወሰዱትን የእርጅና ተቀናሽ (ሕንፃው ስለሚያረጅ በየዓመቱ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ የሚቀነሰውን) ያንሱ፤ ቀደም ሲል ለማሻሻያ ያወጡትን ይደምሩ። በ24 ወር ውስጥ ለዕድሳት የሚያወጡት ገንዘብ ከዚህ ውጤት መብለጥ አለበት፤ ውጤቱ ከ5,000 ዶላር በታች ከሆነ ደግሞ ከ5,000 ዶላር። ለምሳሌ ሕንፃውን በ300,000 ዶላር ገዝተው የመሬቱ ድርሻ 80,000፣ የእርጅና ተቀናሹ 40,000 ከሆነ መለኪያው 180,000 ነው። 175,000 ቢያወጡ ምንም አያገኙም። 250,000 ቢያወጡ ክሬዲቱ 50,000 ይሆናል፤ እሱም በአንዴ ሳይሆን በየዓመቱ 10,000 እየሆነ በ5 ዓመት ይወሰዳል። ጣሪያ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ፣ የአርክቴክት ክፍያ ይታሰባሉ። የሕንፃው መግዣ፣ አዲስ ተቀጥላ ግንባታ፣ የመኪና ማቆሚያና የግቢ ሥራ አይታሰቡም።

ማመልከቻው ፎርም 10-168 ሲሆን ሦስት ክፍል አለው። ክፍል 1 ሕንፃው ታሪካዊ መሆኑን ያሳያል (በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ላይ ለብቻው ከተመዘገበ አያስፈልግም)፣ ክፍል 2 ሊሠራ የታሰበውን ይዘረዝራል፣ ክፍል 3 ሥራው ሲያልቅ ይቀርባል። የሚያስገቡት ለስቴቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ነው፤ ውሳኔው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ክፍል 2 ሳይጸድቅ መዶሻ አያንሱ። ከሥራው በፊት የውስጡንም የውጩንም ፎቶ አንስተው እያንዳንዱን በፕላኑ ላይ በቁጥር ያመልክቱ፤ የፈረሰ ነገር ምን ይመስል እንደነበር በኋላ ማስረዳት አይቻልም።

የሚገመገመው ሥራው በሙሉ ነው፤ አንድ ትልቅ ስህተት ክሬዲቱን ሁሉ ሊያሳጣ ይችላል። ጡብን በአሸዋ ግፊት ማጽዳት በእሳት የጠነከረውን ቆዳውን ይገፍፈዋል፤ ከዚያ ውሃ ይመጥጣል። አሮጌ ጡብ በኖራ በተገነባበት ቦታ ጠንካራ ሲሚንቶ ከሞሉበት ደግሞ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በጡቡ በኩል ይወጣል፤ ፊቱም ይላጣል። ሊጠገን የሚችል የእንጨት መስኮት በፕላስቲክ መተካትና የግድግዳውን ልስን አውልቆ ባዶ ጡብ ማስቀረትም የተለመዱ የውድቅ ምክንያቶች ናቸው። ባዶ ጡብ ለተከራይ ያምራል፣ ለገምጋሚ ግን አይደለም።

ክሬዲቱን በፎርም 3468 ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ያሳውቁ። ሕንፃው ሥራ ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ከሸጡት ሙሉውን ይመልሳሉ፤ ከዚያ የሚመለሰው በየዓመቱ በ20 በመቶ እየቀነሰ ሄዶ ከ5 ዓመት በኋላ ይቀራል።