ሜዲሲንና ነርሲንግ ተማሪዎችን አንድ ታካሚ በጋራ ስጧቸው
ዋርድ ላይ ተማሪ የምትይዙ ሰዎች እስቲ ይቺን ሞክሯት፣ ለአንድ የሜዲሲንና ለአንድ የነርሲንግ ተማሪ አንድ ታካሚ በጋራ ስጧቸው፣ ሂስትሪውን (የሕመሙን ታሪክ) አብረው ይውሰዱ ቫይታል ሳይኑንም (የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ደም ግፊት፣ ሙቀት) አብረው ይለኩ፣ ራውንድ ላይ (ቡድኑ ታካሚዎችን እየዞረ ሲያይ) ደሞ የነርሲንግ ተማሪዋም ስለ ታካሚው ፕሬዘንት ታድርግ እንጂ ቻርት ይዛ ከኋላ አትቁም (ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል)። ሪፖርቱን በኤስባር (SBAR፣ አራት ክፍል ያለው የሪፖርት አቀራረብ) ያድርጉት፦ አሁን ምን ሆነ፣ በፊት ምን ነበረው፣ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ። የቃል ኦርደር (የሕክምና ትዕዛዝ) ሲሰጥ ተቀባዩ መድኃኒቱንና ዶዙን መልሶ ይናገር፣ ሰጪው ያረጋግጥለት። አብሮ መሰልጠን አዲስ ነገር እኮ አይደለም፣ የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) በቡድን ነበር የሚሰለጥኑት። የሜዲሲን ተማሪው ደሞ አንድ ቀን ከነርሶቹ ጋር መድኃኒት ሲሰጥ ይዋል፣ "በየ6 ሰዓቱ" ብሎ የሚጽፈው ኦርደር ብዙ ታካሚ ለያዘች አንዲት ነርስ ምን ያህል ስራ እንደሆነ ያኔ ያየዋል።