መኪና ሲሸጥ በወረቀት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ የቤት መኪና ከግለሰብ ለግለሰብ ለሚሸጡና ለሚገዙ ነው። ስለ ሞተሩ ድምፅና ስለ ጎማው ሌላ ሰው ይምከራችሁ። እዚህ የምናወራው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ሰው በዋጋ ሳምንት ተከራክሮ በአንድ ከሰዓት "ጨርሰን እንገላገል" ስለሚለው ወረቀት።

በውክልና "መሸጥ"

ከሁሉ የከፋውም ከሁሉ የበዛውም ይሄ ነው። ሻጭና ገዢ በዋጋ ይስማማሉ። ከዚያ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ደላላው፣ "ስም ማዞር ምን ያደክማችኋል? ውክልና ይስጥህና በኋላ ታዞረዋለህ" ይላል። ሰበብ አይታጣም። የስም ማዞሪያው ወጪ አለ፣ የሻጩ ሚስት ክፍለ ሀገር ናት፣ ገዢው ራሱ መኪናዋን በወሩ አትርፎ ሊሸጣት አስቧል። ሻጩ ብሩን ይቀበልና "ለመንዳት፣ ለማስነዳት፣ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ቦሎ ለማደስ" የሚል ውክልና ፈርሞ ቁልፉን ያስረክባል። ለዘመድ አዝማዱም መኪናውን እንደሸጠ ይናገራል። አልሸጠም። ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለው ስም ዛሬም የእሱ ነው፤ ለሕግ የሸጠ ሰው ሳይሆን ወኪል የሾመ ሰው ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። መኪናው ሰው ገጭቶ ቢሰወር ፖሊስ በሰሌዳው ፈልጎ የሚያገኘው ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ነው። ኮንትሮባንድ ጭኖ ቢያዝም መጀመሪያ የሚጠራው ያው ሰው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አለ ትሉ ይሆናል። አለ፤ ግን የሚከፍለው ጣሪያ አለው፣ ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ ባለቤት ወደተባለው ይዞራል። "እኔ እኮ ከሸጥኩት ሦስት ዓመት ሆኖኛል" ማለት ይቻላል። በምን ይረጋገጣል? በእጁ ያለው የውክልና ኮፒ ብቻ ነው፤ ኮፒው ደግሞ የሚመሰክረው የሻጩን ባለቤትነት ነው።

ለገዢውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያበቃል፤ መኪናውን ስሙ ላይ ለማድረግ ከወራሾች ጋር ሊደራደር ነው። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ውክልናው ላይ "የማይሻር" ብሎ ማስጻፍ አንዳንዶች እንደሚያስቡት አያስጥልም፣ ሕጉ እንዲህ ያለውን ቃል ዋጋ አይሰጠውም። ወካዩ ዕዳ ቢኖርበትና ባለገንዘቡ ፍርድ ቤት ቢሄድ በወካዩ ስም ያለው መኪና ሊታገድ ይችላል። መኪናው የሻጩ ነው የሚለው ሊብሬው ነውና ገዢው "የኔ ነው" ብሎ ሲጮህ የሚሰማው ዳኛ ማስረጃ አምጣ ይለዋል። ነገሩ የሚብሰው ደግሞ ሁለተኛው ሰው በውክልና ውክልና ለሦስተኛ፣ ሦስተኛው ለአራተኛ ሲያስተላልፈው ነው። አራተኛው ሰው ስም ላዙር ብሎ ሲነሳ የመጀመሪያው ወካይ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

መፍትሔው አጭር ነው። ሁለታችሁም ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ የሽያጭ ውል ፈርሙ። ስሙ ያኔውኑ ባይዞር እንኳ ቀን ያለው፣ በመንግሥት የተረጋገጠ የሽያጭ ውል በእጃችሁ ይኖራል። ውሉ ላይ ገዢው በስንት ቀን ውስጥ ስም እንደሚያዞር፣ ባያዞር ምን ያህል ገደብ (የውል መቀጫ) እንደሚከፍል ይጻፍ፤ 30 ቀን በቂ ነው። ከዚያ በኋላም ሻጩ "ጨርሻለሁ" ብሎ አይተኛ። በገዢው ስም የወጣውን አዲስ ሊብሬ ፎቶ ኮፒ ተቀብሎ ከውሉ ጋር ያስቀምጥ። ያ ኮፒ እስኪመጣ ድረስ መኪናው አልተሸጠም።

"መኪናው በኔ ስም ነው፣ እኔ ብቻ እፈርማለሁ"

ሊብሬው ላይ ያንተ ስም ብቻ መኖሩ መኪናው የግልህ ነው ማለት አይደለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ዋጋው ከ500 ብር የሚበልጥ ተንቀሳቃሽ የጋራ ንብረት ለመሸጥ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አዎ፣ አምስት መቶ ብር፤ ዛሬ ከመኪና ላይ በዚህ ዋጋ የሚገኝ ዕቃ መፈለግ ይቸግራል። ያልተስማማው የትዳር ጓደኛ ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ገዢዎች ይህን ቁጥር ልብ በሉ፤ ሁለት ዓመት የተነዳ መኪና መመለስ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ያገባ ሰው ከነትዳር ጓደኛው ይምጣ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው ውክልና ይኑረው። ያላገባ ሰው ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከወረዳው ያውጣ፤ ከመፈረሚያው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ከወጣ አርጅቷል ተብሎ ሊመለስበት ይችላልና ቀኑን ያስተውል። በብዛት የሚመለሱት የተፋቱ ሰዎች ናቸው። የፍቺ ውሳኔ ይዘው ይመጣሉ፤ የፍቺ ውሳኔ ግን መኪናው ለማን እንደደረሰ አይናገርም። የንብረት ክፍፍሉ ውሳኔ ወይም የጸደቀው ስምምነት አብሮ ይምጣ። የመኪናው ባለቤት በሞት ከተለየ የወራሽነት ማስረጃ መቅደም አለበት፤ "ታላቅየው ይፈርምልናል" የሚባል ነገር የለም።

ፋይሉን ሳያዩ ቀብድ

ቀብድ ቀላል ነገር ይመስላል። በሕጉ ግን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። በዚህ ላይ ሰዎች ቀብዱን የሚቀባበሉት በቁራጭ ወረቀት፣ መኪናው ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት ሳያውቁ ነው። በነጋታው ገዢው መንገድ ትራንስፖርት ሄዶ ሲያጣራ የባንክ እገዳ ያገኛል። ሻጩ "ብድሩን እኮ ጨርሻለሁ" ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ብድር መጨረስና እገዳ ማስነሳት ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ባንኩ የእገዳ ማንሻ ደብዳቤ ጽፎ ደብዳቤው ፋይሉ ላይ እስኪያያዝ ድረስ መኪናው እንደታገደ ነው።

ቀብድ ከመቀባበላችሁ በፊት ሁለታችሁም የመኪናው ፋይል ወዳለበት ቅርንጫፍ ሂዱ። የምታጣሩት እነዚህን ነው፤ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለ ወይ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ሞተርና ሻንሲ ቁጥር ከፋይሉ ጋር ይገጥማል ወይ፣ መኪናው የገባው ቀረጥ ተከፍሎበት ነው ወይስ ከቀረጥ ነፃ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው የሚሸጠው ቀረጡ ተከፍሎ ነው። ያ ቀረጥ የማን ዕዳ እንደሆነ ከቀብዱ በፊት ካልተነጋገራችሁ ድርድሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሰሌዳው የክልል ከሆነም ፋይሉ እስኪዛወር የሚፈጀውን ጊዜ አስቡበት።

ሞተር የተቀየረላቸው መኪኖች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ባለቤቱ ሞተር ቀይሯል፣ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር የድሮው ነው፣ ምርመራ ላይ ሲደርስ አይገጥምም። ሞተሩ የተገዛበትን ደረሰኝ ይዞ ቁጥሩን በፋይሉ ላይ ማስለወጥ የሻጩ ሥራ ነው፤ ከሽያጩ በፊት።

ዋጋ አሳንሶ መጻፍ

"ውሉ ላይ ትንሽ እንጻፍ፣ ክፍያው ይቀንስልናል።" ስም ሲዞር የሚከፈለው ሒሳብ የመሥሪያ ቤቱን ግምት ሊከተል ስለሚችል ቁጠባው እንደሚወራው ላይሆን ይችላል። ኪሳራው ግን እውነተኛ ነው። ነገ ውሉ ቢፈርስ ገዢው የሚጠይቀው የተጻፈውን ዋጋ ነው። 1.8 ሚሊዮን ከፍሎ 600 ሺህ ብሎ የፈረመ ሰው የቀረውን 1.2 ሚሊዮን በምን ያስረዳል? በጽሑፍ የፈረሙትን በቃል ምስክር ለማስተባበል መሞከር ቀና መንገድ አይደለም።

ብሩ ሳይገባ መፈረም፣ ሳይፈረም ብር ማስገባት

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን ይፈራል፤ መፍራቱም ተገቢ ነው። ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ለሁለቱም ይሻላል፤ በሻጩ ሙሉ ስም ይሠራና ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ ሲፒኦውን ያወጣው ባንክ ዘንድ ራሱ ያረጋግጣል። በገዢው ስልክ የመጣ "አረጋግጠናል" የሚል ጥሪ ማረጋገጫ አይደለም። በሞባይል የተላከም ከሆነ የሻጩ ሒሳብ ላይ መግባቱን በራሱ አካውንት ይይ፤ የገዢው ስልክ ላይ ያለ የደረሰኝ ፎቶ በደቂቃ ይሠራል። የግል ቼክ አትቀበሉ። ደረቅ ቼክ በወንጀል ያስከስሳል፣ መኪናውን ግን በማግስቱ አይመልስላችሁም። ደላላው ብር እንዲይዝላችሁም አታድርጉ።

የስምና የቁጥር ግድፈት

ትንሽ ይመስላል፤ ሰው ግን በአንድ ፊደል ይመለሳል። መታወቂያው ላይ "ኃይለ ማርያም"፣ ሊብሬው ላይ "ሀይለማሪያም"። ወይም ሊብሬው ላይ የአያት ስም የለም። ሁለቱ ሰነዶች አንድን ሰው እንደሚያመለክቱ የሚያስረዳ ወረቀት ለማውጣት ከመፈረሚያው ቀን በፊት ጊዜ ይኑራችሁ።

ሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ላይ ብቻ አትገልብጡ፤ ከመኪናው አካል ላይ አንብባችሁ አመሳክሩ። 17 ፊደልና አሐዝ ባለው ዓለም አቀፍ ሻንሲ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት የሉም፤ ውሉ ላይ ክቧን ፊደል ካያችሁ ጸሐፊው ዜሮን አሳስቶ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ከሆነ ግን ቁጥሩ ከ17 ያጠረና መካከሉ ላይ ሰረዝ ያለው ነው፤ "ጎደለ" ብላችሁ አትደንግጡ። ዓመተ ምሕረቱንም ለዩ። "የ2006 ሞዴል" ብሎ ነገር የለም፤ እ.ኤ.አ. ነው ወይስ ዓ.ም.? ልዩነቱ የዋጋም ልዩነት ነው።

ውልና ማስረጃ በር ላይ የሚጻፉ ውሎች መጨረሻቸው ላይ 1731፣ 2005፣ 2266 የሚሉ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥሮች ይደረድራሉ። ቁጥሮቹ ጉዳት የላቸውም፤ ግን ውሉን ጠንካራ የሚያደርገው እነሱ አይደሉም። ከነሱ በላይ ያለውን አንብቡ። በተለይ ውሉን ያፈረሰ ወገን የሚከፍለው ገደብ ባዶ ቦታ ሆኖ አይቅር።

ሰዓት የሌለው ርክክብ

ውሉ ቀን አለው፤ ርክክቡ ግን ሰዓት ይፈልጋል። መኪናው ጠዋት ተሽጦ ማታ ቢጋጭ፣ ወይም ጠዋት የተጻፈ የትራፊክ ቅጣት በሳምንቱ ቢመጣ፣ መልሱ አንድ መስመር ላይ መገኘት አለበት። እንዲህ ይበቃል፦ "ከላይ ሻንሲና ሞተር ቁጥሩ የተገለጸውን ተሽከርካሪ ዛሬ ከቀኑ 9:30 ሰዓት ላይ ከሁለት ቁልፍና ከሊብሬው ጋር ተረክቤያለሁ። ከዚህ ሰዓት በፊት የተፈጠረ ቅጣትና ዕዳ የሻጭ፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ ያለው የገዢ ነው።" ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ጨምሩበት። ይህ መስመር በሁለታችሁ መካከል ይሠራል፤ የተጎዳ ሦስተኛ ሰው አይገደውም። ለዚህ ነው ስም ማዞሩ የማይቀረው።

"አሁን ባለበት ሁኔታ አይቼ ገዝቻለሁ" የሚለው ሐረግ ሻጩን ይጠቅማል፤ ሆን ብሎ ለደበቀው ጉድለት ግን መሸሸጊያ አይሆነውም።

ከውጭ አገር የሚላክ ውክልና

አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ሰው አዲስ አበባ ያለችውን መኪናውን በወንድሙ በኩል ሲሸጥ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛ፣ "ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ" ብሎ ይወክላል። ማስተዳደር መሸጥ አይደለም። ውክልናው "እንዲሸጥ፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ውል እንዲፈርም፣ ስም እንዲያዞር" ብሎ ሰሌዳውንና ሻንሲ ቁጥሩን ጠቅሶ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በዋትሳፕ የተላከ ስካን ያመጣሉ። ኦርጅናሉ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ ውልና ማስረጃ መድረስ አለበት። ወካዩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም በዚያው ይፈርም፤ አለዚያ ለአንድ ፊርማ እንደገና ፖስታ መጠበቅ ነው።

ኢንሹራንስ

ሙሉ ሽፋን መድን ከመኪናው ጋር አብሮ የሚሸጥ መለዋወጫ አይደለም። የመድን ውሉ የሻጩ ነው። ሻጩ ለኩባንያው በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ቀሪ ጊዜ ካለውም ተመላሽ ይጠይቅ። ገዢው ደግሞ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን አይቶ "አለው" ብሎ አይንዳ፤ ቁልፉን በተረከበበት ቀን የራሱን ይግባ።