ዩ ስትሪትን በአንድ ቅዳሜ በእግር እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሐበሻ «ዩ ስትሪት እንገናኝ» ካለ ብዙ ጊዜ ክትፎ ቤት ማለቱ ነው። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስቴ ይዞራል፣ ይበላል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ከተቀመጠበት ወንበር የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ቤት እንዳለ ግን ልብ አይልም። ምግቡን እያጣጣልኩ አይደለም፣ እሱንም እደርስበታለሁ። ሰፈሩን ለማወቅ ግን እግር ቀድሞ ሆድ ቢከተል ይሻላል።

ቅደም ተከተሉን ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓትና ማታ ነው ያዘጋጀሁት። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ሰዓቱ በእኛ።

ከቤት ሳትወጡ

መኪናውን ተዉት። የሰፈሩ የውስጥ መንገዶች በአብዛኛው ለነዋሪ የተያዙ ናቸው፤ ምልክቱን በትክክል ሳታነቡ ካቆማችሁ ቅጣቱ ከእራቱ ሊበልጥ ይችላል። የግድ በመኪና ከሆነም ቦርሳም ሆነ ላፕቶፕ ወንበር ላይ አትተዉ፤ መስታወት ይሰበራል።

መታወቂያ ያዙ። ዕድሜያችሁ ሃምሳ ቢሆንም ባር በር ላይ ያለው ሰው ሊጠይቃችሁ ይችላል። ከሀገር ቤት የመጣ እንግዳ ካላችሁ ፓስፖርቱን ይያዝ፤ የቀበሌ መታወቂያ እዚያ በር ላይ አያስገባም። መጠጥ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ብቻ ነው። ምቹ ጫማ አድርጉ። መንገዱ ከጫፍ ጫፍ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ግን ወዲያ ወዲህ ማለት አለው።

1. ከዩ ስትሪት ጣቢያ አንድ ቀድማችሁ ውረዱ

ሜትሮ አረንጓዴውን መስመር ያዙ። ከመሃል ከተማ ስትመጡ ከዩ ስትሪት በፊት ያለችው ጣቢያ ሻው–ሃዋርድ ትባላለች። እዚያ ውረዱና በሰሜኑ በር ውጡ። ይህን የምመክረው ጉዞው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በአንድ አቅጣጫ እንዲሆንላችሁ ነው። ዩ ስትሪት ላይ የወረደ ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይሰለቸውና ሃዋርድ ቴአትርን ሳያይ ይቀራል። ከቀኑ 9 ሰዓት ጥሩ መነሻ ነው።

2. ሃዋርድ ቴአትርና የኤሊንግተን ሐውልት

ከጣቢያው ትንሽ ወደ ሰሜን እንደተራመዳችሁ ሰባተኛው መንገድና ቲ ስትሪት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሃዋርድ ቴአትርን ታገኙታላችሁ። የተከፈተው በ1910 ነው። የመሃል ከተማው ቴአትሮች ጥቁር ታዳሚን በሚገፉበት ዘመን ጥቁሩ ሕዝብ ልብሱን አሳምሮ የሚመጣው ወደዚህ ነበር። ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ከኖረ በኋላ ታድሶ በ2012 እንደገና ተከፈተ። ዝግጅት ከሌለ ውስጡን ማየት አይቻልም፣ የፊት ገጽታው ግን ቆም ብሎ ለማየት ይበቃል።

ከፊት ለፊቱ ካለው የኤሊንግተን ሐውልት ግን ቶሎ አትለፉ። ሰውየው የተቀመጠው ወንበር ላይ አይደለም። ሙዚቃ ሲጻፍ መስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚደረገው ጥምዝምዝ ምልክት በግዙፉ ተሠርቷል፣ እሱ ላይ ነው የተቀመጠው። የፒያኖው ቁልፎች ከፊቱ እንደ ጥብጣብ ተጠማዘዋል። ዞር ብላችሁ ከጎን እዩት፤ ፎቶ ከጎን ነው የሚያምረው።

ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለው። ኤሊንግተን በ1973 ከባንዱ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል። ያኔ ወጣት የነበረው ሙላቱ አስታጥቄ አብሮት ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሸልመውታል። በዓመቱ በግንቦት ኤሊንግተን ሞተ፤ በመስከረም ደግሞ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ከሀገር ቤት እንግዳ ስወስድ ይህን የምነግረው እዚሁ ሐውልቱ ሥር ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ከቴአትሩ ጎን ያለው አሮጌ ሕንፃ ድሮ የፍራንክ ሆሊደይ ፑል ቤት ነበር። ኤሊንግተን በልጅነቱ እዚያ እየዋለ ነበር ፒያኖ ተጫዋቾቹን የሚሰማው። ኋላ ቢራ ጠማቂ ቤት ሆኗል።

ሰባተኛው መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ጆርጂያ አቬኑ ይሆንና ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያደርሳችኋል። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና ተምሮ በ1935 የተመረቀው እዚያ ነው። ጣሊያን ሲወርር ሐኪም ሆኖ ዘመተ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተመልሶ በ1937 ኢትዮጵያን የሚደግፈውን «ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽን» የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ግቢውን መጎብኘት ለሌላ ቀን ይቆይ፣ ዛሬ ካካተታችሁት መንገዱ አያልቅም።

3. ዘጠነኛውን መንገድ እዩት፣ ምግብ ቤት ግን ገና አትግቡ

በቲ ስትሪት ወደ ምዕራብ ሁለት መንገድ ሂዱና በዘጠነኛው ወደ ዩ ታጠፉ። «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚባለው ይኸው ነው። በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ፣ ከበር የሚወጣ የበርበሬ ሽታ፣ ቆመው ስልክ የሚያወሩ አባቶች።

የሐበሻ ምግብ ቤት ዲሲ ውስጥ መጀመሪያ የደራው በ1980ዎቹ አዳምስ ሞርጋን፣ አሥራ ስምንተኛው መንገድ ላይ ነበር። እዚያ ኪራይ ሲንር ሰዉ ባዶ ሱቅ ወደሞላበት ወደዚህ ወረደ። ዛሬ እዚህም ኪራዩ አልቀመስ ብሎ ብዙው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዷል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በፊት የበላችሁበት ቤት ዛሬ ሌላ ነገር ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ስትመጡ ስልካችሁ ላይ ክፍት መሆኑን እዩ።

በ2005 ሰፈሩ በይፋ በኢትዮጵያ ስም ይጠራ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ከነባሮቹ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። ብዙ ሐበሻ ያኔ ቅር ብሎታል። እኔ ግን የሚቀጥለውን ፌርማታ ያየ ሰው ይፈርድላቸዋል ባይ ነኝ።

4. የስም ግድግዳው

ዩ ስትሪት ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ። አሥረኛው መንገድ አካባቢ፣ ከሜትሮው በር አጠገብ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች መታሰቢያ አለ። በ1998 የተመረቀ ነው። መሃል ላይ የነሐስ ሐውልት ቆሟል፦ ከፊት ጠመንጃ የያዙ ወታደሮችና አንድ ባሕረኛ። ብዙ ሰው ይህን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እናንተ ወደ ኋላው ዙሩ። እዚያ ወታደሩ ከቤተሰቡ ጋር ነው።

ዙሪያውን ባለው ግድግዳ ላይ የ209,145 ሰዎች ስም ተቀርጿል፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ በጥቁሮቹ ክፍለ ጦሮች ውስጥ ያገለገሉ ናቸው። የተደረደሩት በየክፍላቸው ስለሆነ በፊደል ተራ አትፈልጉ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የራሳቸውን ስም የያዘ ወታደር ፈልጉ በሏቸው፤ ጆናታንም ዳንኤልም አይጠፋም። እንደ እኔ ከመንገዱ ሁሉ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህን ቦታ ነው። ሙዚየምም አለው፣ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አጣሩ።

5. ከአሥራ አንደኛው እስከ አሥራ ሦስተኛው

እዚህ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ታሪኩም እንዲሁ። አሥራ አንደኛው ጥግ ላይ በ1934 የተከፈተው ኢንደስትሪያል ባንክ አለ፤ ሌላ ባንክ ለጥቁር ብድር በማይሰጥበት ጊዜ የሰፈሩን ሰው ቤት ያስገዛ ባንክ ነው። አሥራ ሁለተኛው ላይ በ1903 ያለቀው ትሩ ሪፎርመር ሕንፃ ቆሟል። ንድፉ፣ ገንዘቡ፣ ግንባታው፣ ሁሉም በጥቁሮች የተሠራ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ጥቂት ወደ ደቡብ ብትገቡ ቀይ ጡብ የለበሰ የድሮ ወወክማ ታገኛላችሁ። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ ዲሲ በነበረበት ጊዜ እዚህ አርፏል። አሁን በመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በተርጉድ ማርሻል ስም ይጠራል።

ወደ ዩ ስትሪት ተመለሱና ቤንስ ቺሊ ቦውል ግቡ። የትሪኒዳድ ተወላጁ ቤን አሊና ባለቤቱ ቨርጂኒያ በ1958 ከፈቱት፤ ሕንፃው ቀድሞ ድምፅ አልባ ፊልም ማሳያ ነበር። ኦባማ በ2009 ቃለ መሐላ ሊፈጽም ቀናት ሲቀሩት መጥቶ በልቷል። ስሙ የገነነው ሃፍ ስሞክ በሚባለው ቋሊማ ነው፤ ዳቦ ውስጥ ገብቶ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርትና ቺሊ ይደረግበታል። እዚህ ላይ ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፦ የተለመደው ሃፍ ስሞክ የአሳማ ሥጋ አለበት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይበላ ከሆነ የበሬውን ወይም የተርኪውን ጠይቁ። ለጾመኛ ሥጋ የሌለው ቺሊ አለ፤ አይብ እንዳይጨምሩበት ብቻ ቀድማችሁ ተናገሩ። አንዱን ለሁለት ተካፈሉ፤ እራት ገና ይቀራል።

ስትወጡ የጎኑን ግድግዳ እዩ። ቦክሰኛው ሙሐመድ አሊ፣ ባሮችን ነፃ ታወጣ የነበረችው ሐሪየት ተብማንና ዘፋኙ ፕሪንስ ተስለውበታል። ከጎን ያለው በ1922 የተከፈተው ሊንከን ቴአትር ነው።

የኤሊንግተን ቤቶች አሥራ ሦስተኛው መንገድ ላይ ናቸው፣ ቁጥር 1805 እና 1816። ሰው የሚኖርባቸው ተራ ቤቶች ስለሆኑ ከእግረኛ መንገዱ እዩና እለፉ፣ ደረጃ ላይ ወጥቶ ፎቶ መነሣት ነውር ነው።

6. አሥራ አራተኛውና ዩ

ይህ መስቀለኛ መንገድ ዛሬ ውድ አፓርትማና ባር ብቻ ይመስላል። ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ማታ የማርቲን ሉተር ኪንግ መገደል ሲሰማ ሕዝቡ ገንፍሎ የወጣው እዚህ ነው። ለቀናት ሱቆች ተቃጠሉ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ቤንስ እንዲከፍት ተፈቅዶለት ፖሊሱንም፣ እሳት አጥፊውንም፣ ተቃዋሚውንም አብልቷል። ከዚያ በኋላ ባለ ሱቁ ሸሸ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለሜትሮ መንገዱ ተቆፈረ። ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። ሐበሻው በርካሽ የተከራያቸው ባዶ ሱቆች የዚህ ሁሉ ትርፍ ነበሩ።

እግራችሁ ከደከመ ቪ ስትሪት ላይ ባስቦይስ ኤንድ ፖየትስ የሚባል መጻሕፍት መደብርና ካፌ አለ። ስሙ በወጣትነቱ ሆቴል ውስጥ ሳህን ያነሣ ለነበረው ለሂዩዝ መታሰቢያ ነው። ቡና፣ መጽሐፍና ሽንት ቤት፤ ሦስቱም እዚህ ሰዓት ላይ ያስፈልጋሉ።

7. ድራፍት፣ ከዚያ እራት

ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ አንዳንድ ባሮች ሃፒ አወር፣ ማለትም የመጠጥ ቅናሽ ሰዓት፣ አላቸው። ያን ጊዜ አንድ ድራፍት ይዛችሁ መስኮት ዳር ተቀመጡ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ በዚያው ቤት ዋጋውም ጩኸቱም ይጨምራል። ሁለት ቤት ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ የእራቱ ጣዕም አይታወቃችሁም።

አሁን ወደ ሐበሻው ቤት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዩ ስትሪት ላይ ያለውን ዱከምን የማያውቅ የለም፤ ዘጠነኛው ላይ ደግሞ ትንንሾቹ አሉ። በር ላይ ካለው ሜኑ ይልቅ ጠረጴዛውን እዩ፦ ታክሲ ነጂዎችና ቤተሰቦች የሚበሉበት ቤት አያሳፍርም። ፈረንጅ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ በያይነቱ አዙ፣ ክትፎውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለብ ለብ አስደርጉለት። ጥሬ ካሳያችሁት አንዳንዱ ይደነግጣል። ጠጁ ብዙ ጊዜ እዚሁ የተጠመቀ ጣፋጭ ዓይነት ስለሆነ የእናቶቻችንን ጠጅ አትጠብቁ። ሙዚቃ ያለበት ቤት ከሆነ ባንዱ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው፤ ለእስክስታ የመጣ ሰው ከ5 ሰዓት በፊት አይቸኩል።

ሂሳቡ ሲመጣ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት። በምግቡ ላይ 10 በመቶ ታክስ ይጨመራል። ብዙ ቤቶች ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ አስቀድመው ይጽፋሉ፣ በተለይ በቡድን ለመጣ። እሱ ካለ አስተናጋጁን ለማን እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ቲፑን ወስኑ። ከሌለ ከ18 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ትግል ካርድ ከመውጣቱ በፊት ይለቅ፤ አስተናጋጇ አምስት ካርድ ይዛ ቆማ «ተዉ እኔ ነኝ» ስትባባሉ ታሳዝናለች።

ዓርብና ቅዳሜ ባሮች እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሸጡ ይችላሉ፣ ሜትሮው ግን ከነሱ ቀድሞ ይዘጋል። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ገና ስትወርዱ ጣቢያው ላይ አይታችሁ ያዙ። ካመለጣችሁ ኡበር የምትጠሩት ሰው ከሚተራመስበት ከአሥራ አራተኛው ጥግ አይሁን፤ ወደ አሥራ አንደኛው ወርዳችሁ ብርሃን ያለበት ቦታ ጥሩ፣ መኪናውም ቶሎ ይደርሳል።