ነባር ሠራተኛን ስናመሰግን የምንሠራቸው ስህተቶች

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለነባር ሠራተኞቻቸው የሚሰጡት ሽልማት አላቸው። አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ዓመት ሲሞላ ስም ይጠራል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ሽልማቱን ይዞ ወደ ወንበሩ ከሚመለሰው ሰው ፊት ላይ ብዙ ጊዜ ደስታ አይነበብም። አንዳንዱማ ጭራሽ ሆድ ብሶት ይመለሳል።

ምክንያቱ የገንዘብ ማነስ ነው ብዬ አላምንም። ትልቅ ወጪ ወጥቶበት ሰው ያስቀየመ ዝግጅት አለ። በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሠራተኛውን ያስለቀሰ አለቃም አለ። ሰው የሚፈልገው የሠራውን የሚያውቅ ሰው እንዲያመሰግነው ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ሥራውን ሳያውቁ ለማመስገን ከመቸኮል ነው።

ዓመቱን ቆጥሮ ሥራውን መዝለል

«ለድርጅታችን ዕድገት ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ከልብ እናመሰግናለን።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ለጥበቃውም፣ ለሒሳብ ሹሙም፣ ለሾፌሩም ይነበባል። የአንዱን ስም አውጥታችሁ የሌላውን ብታስገቡበት ምንም አይጎድለውም። ተሸላሚውም ይህን ወዲያው ይረዳል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ከአንገት በላይ የሆነ ምስጋናን ለመለየት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሃያ ዓመት መጋዘን የያዘች የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንውሰድ። ስለ እሷ እንዲህ ቢባልስ? «ቆጠራ ሲደርስ ሌላው ክፍል ሲያመሽ የእሷ መጋዘን በግማሽ ቀን ያልቃል። ምክንያቱም ዕቃ በገባና በወጣ ቁጥር የዕቃውን መመዝገቢያ ቢን ካርድ በዕለቱ ትሞላለች። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበትን የመደርደሪያ ቁጥር ያመጣችው እሷ ናት። ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ማንም ሳይጠራት በእረፍት ቀኗ መጥታ ካርቶኖቹን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ስታወጣ የነበረችውም እሷ ናት።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድም የሚያስጨበጭብ ትልቅ ቃል የለበትም። ግን የማንም ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

እንዲህ ያለ ንግግር በዝግጅቱ ዋዜማ አይጻፍም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት። አብረዋት የሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን ጠይቁ። እሷ በመኖሯ ምን ተለወጠ? መቼ ነው ከጉድ ያወጣችን? ማንን አሠለጠነች? ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙዎች ይረሱታል። የነባር ሠራተኛ ትልቁ ሥራ ብዙ ጊዜ ያለው ግን እዚያ ነው። ዛሬ የክፍል ኃላፊ የሆነው ሰው በመጀመሪያው ሳምንቱ ሥራ ያሳየው ማን እንደነበር ጠይቁት። መልሱን በራሱ አፍ መድረክ ላይ እንዲናገረው አድርጉ።

ንግግሩን ማን ያድርገው የሚለውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ዋና ሥራ አስኪያጁ መገኘቱ ክብር ነው። ሠራተኛውን የማያውቀው ከሆነ ግን እጅ ጨብጦ ሽልማቱን ይስጥ፣ ንግግሩን ለቅርብ ኃላፊው ወይም ለባልደረባው ይተውለት።

ስም ማበላሸት

ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። የአንድ ፊደል ስህተት ያለበት ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ ለልጅም አይታይም። የአባት ስም ሲቀየር፣ የቅጥሩ ዓመተ ምህረት ሲዛባ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቀችው የሥራ መደብ ሲጻፍባት ወረቀቱ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ማንም አላጣራም። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለራሱ ለባለቤቱ አሳዩት። የሚያስገርመው ነገር እንዲኖር ከፈለጋችሁ ሌላውን ደብቁ፣ ስሙን ግን አስነብቡት። መድረክ መሪውም ስሞቹን አስቀድሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለማመዳቸው።

ምስጋናን የደመወዝ ምትክ ማድረግ

ነባር ሠራተኛን እንደዚህ የሚያስከፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዋንጫውን በተቀበለ በወሩ፣ እሱ ራሱ ሥራ የሚያሳየው አዲስ ተቀጣሪ ከእሱ የበለጠ እንደሚከፈለው ይሰማል። ዋንጫው ከዚያ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገባው።

ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በተንኮል አይደለም፤ ስሌቱ ራሱ ወደዚያ ስለሚወስድ ነው። የአዲስ ተቀጣሪ መነሻ ደመወዝ ከገበያው ጋር ይሄዳል፤ የነባሩ ደግሞ በዓመታዊ ጭማሪ። አንድ ሰው በ100 ተቀጠረ እንበል። በየዓመቱ 4 በመቶ ይጨመርለታል። ከአሥር ዓመት በኋላ 148 ደረሰ። የዚያው የሥራ መደብ የገበያ ዋጋ ግን በዓመት 6 በመቶ ካደገ 179 ሆኗል። ዛሬ የሚቀጠረው ሰው በ179 ይገባል። አሥር ዓመት የቆየው ሰው 31 ቀርቶበታል፤ የቀረበትም ስለቆየ ነው።

ታዲያ የአገልግሎት ሽልማት ልትሰጡ ስትነሱ መጀመሪያ የደመወዝ መዝገቡን ክፈቱ። ተሸላሚዎቹን ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩ አዲስ ገቢዎች ጋር አስተያዩ። ክፍተት ካለ መጀመሪያ እሱን ዝጉ። ሁሉንም በአንዴ መዝጋት ካልተቻለ በሁለት ሦስት ዙር ለመዝጋት ዕቅድ አውጡና ለሠራተኛው በግልጽ ንገሩት።

በሌላ በኩል ደመወዙ ስለተስተካከለ ምስጋናው ተተካ ማለት አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ 200 የሚሆኑ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ላይ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሠራተኞቹ በሥራቸው በጣም ስለተደሰቱበት ጊዜ ሲጠየቁ ያመጡት ውጤትንና ያገኙት እውቅናን አነሱ። ስለተከፉበት ጊዜ ሲጠየቁ ደግሞ ወደ ድርጅቱ አስተዳደርና ወደ አለቃ አያያዝ ሄዱ። ኸርዝበርግ ደመወዝን የመደበው ከእነዚህ ከሁለተኞቹ ጋር ነው። ሲጎድል ያስከፋል፤ መሙላቱ ብቻውን ግን ሰውን በሥራው አያኮራም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ አንዱም የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

አገልግሎትን በጎደሎ መቁጠር

ይህ ስህተት የሚሠራው በጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በዝምታ ነው። ዝርዝሩ ከኮምፒውተሩ ይወጣል፣ ይፈረምበታል፣ ያልቃል። ዝርዝሩ ላይ የሌሉት ሰዎች መቅረታቸውን የሚያውቁት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነው።

እነማን ናቸው? አራት ዓመት በኮንትራት ሠርታ ከዚያ ቋሚ የሆነች ሠራተኛ፣ የኮንትራቱ ዘመን ያልተቆጠረላት። በወሊድ ፈቃድ ወይም በሕመም የቀረችበት ወራት የተቀነሰባት። ሁለት ድርጅቶች ሲዋሃዱ ፋይሉ ከአዲሱ ቀን እንደገና የተጀመረበት። ለቆ ሄዶ፣ ተለምኖ የተመለሰ። በደላላ ወይም በአስቀጣሪ ድርጅት በኩል ገብታ አሥራ ሁለት ዓመት ይህንኑ ሕንፃ ስታጸዳ የኖረች። ይህችኛዋ በሕግ የእናንተ ሠራተኛ ላትሆን ትችላለች። የሕንፃውን እያንዳንዱን በር ግን ታውቃለች፣ እናንተም ታውቋታላችሁ። ምስጋና ለመስጠት የቅጥር ውል አያስፈልግም።

ደንቡ በግልጽ ይጻፍ። አገልግሎት ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? ምን ያቋርጠዋል? በእኔ እምነት የወሊድም ሆነ የሕመም ፈቃድ ሊያቋርጠው አይገባም። ዝርዝሩ ከመጽደቁ ከአንድ ወር በፊት ይለጠፍና ቅሬታ ያለው ይናገር። የሌሊት ፈረቃ ላይ ያሉትንም አስቡ። ዝግጅቱ ሁልጊዜ ቀን ላይ ከሆነ እነሱ ወይ እንቅልፋቸውን ትተው ይመጣሉ ወይ ይቀራሉ። አለቃው አንድ ሌሊት ወደ እነሱ ቢሄድ ምን ይጎድለዋል?

መድረክ ለማይወድ ሰው መድረክ መስጠት

ሁሉም ሰው ጭብጨባ ይወዳል ብላችሁ አታስቡ። መቶ ሰው ፊት መቆም ቅጣት የሚሆንበት ሰው አለ። ከሳምንት በፊት «በምን መልኩ ብናደርገው ደስ ይልሃል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። አንዱ አዳራሹን ይመርጣል። ሌላው ክፍሉ ውስጥ ከሚያውቃቸው ስምንት ሰዎች ጋር መሆንን ይመርጣል። ሦስተኛው የተጻፈ ደብዳቤ ብቻ ይበቃዋል። ደብዳቤ ከሆነ እውነተኛ ፊርማ ይኑርበት፤ የአለቃው የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር እንኳ ቢጨመርበት ለዓመታት ይቀመጣል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ

የድርጅቱ አርማ የታተመበት ሰዓት ወይም የግድግዳ ጌጥ ለመግዛት ቀላል ነው። በጅምላም ይገዛል። ችግሩ የአምስት ዓመቱም የሃያ ዓመቱም ያንኑ ሲወስዱ፣ አርማው ከሰውየው ስም በላይ ገዝፎ ሲታይ ነው። ቢቻል ሠራተኛው ራሱ ይምረጥ። ሦስት አራት አማራጭ በቂ ነው።

ከአማራጮቹ አንዱ ጊዜ ይሁን። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። በአውስትራሊያ የረጅም አገልግሎት ፈቃድ የሚባል በሕግ የታወቀ መብት አለ። መነሻው 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በቅኝ ግዛቱ የሚያገለግሉ የመንግሥት ሠራተኞች በመርከብ ወደ ብሪታንያ ሄደው ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ እንዲያገኙ ታስቦ የተጀመረ ነው። መርከቡ ቀረ፣ ፈቃዱ ግን ወደ ሌላውም ሠራተኛ ተስፋፋ። ዛሬ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ለአንድ ቀጣሪ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ደመወዙ እየተከፈለው የሁለት ወር ፈቃድ ያገኛል። ሁለት ወር መስጠት የማይችል ድርጅት አንድ ሳምንት ይችል ይሆናል። አሥር ዓመት ዕድሜውን ለሰጠ ሰው አንድ ሳምንት ጊዜ መመለስ ከብዙ ዕቃ ይልቃል።

ዕቃም ሆነ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የግብሩን ነገር ጠይቁ። በአሜሪካ ለአገልግሎት የሚሰጥ ዕቃ በተወሰነ መጠን ከግብር ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው፤ ጥሬ ገንዘብና የስጦታ ካርድ ግን እንደ ደመወዝ ይቆጠራሉ። በብሪታንያ ቢያንስ 20 ዓመት ይጠየቃል። ሽልማቱ በሚቀጥለው ወር ከደመወዝ የሚቆረጥ ግብር ይዞ ከመጣ ሰውየው የሚያስታውሰው ቁራጩን ነው።

አሥር ዓመት ዝም ብሎ መጠበቅ

ብዙ ሰው የሚለቀው ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ሽልማቱ አሥረኛው ዓመት ላይ ከጀመረ የሚደርስበት ጥቂቱ ብቻ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የቅርብ ኃላፊው ቁጭ ብሎ «ከመጣሽ ወዲህ ይህ ይህ ተሻሽሏል» ቢል ወጪ የለውም። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ምን መማር፣ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ ይጠይቃት።

«አንተ ታውቃለህ» እያሉ መጫን

ይህኛው ምስጋና መስሎ የሚመጣ ሸክም ነው። ነባሩ ሠራተኛ ስለሚያውቅ አስቸጋሪው ደንበኛ ወደ እሱ ይላካል። አዲስ ገቢ ሁሉ እሱ ጋ ይቀመጣል። የተበላሸው ነገር ሁሉ እሱ ይጠራበታል። የራሱ ሥራ ግን አልተቀነሰለትም። በዓመቱ መጨረሻ ሲገመገምም ያሠለጠነው ሰው አይቆጠርለትም። እጀ አመድ አፋሽ የሚባለው ይኸው ነው።

እውቀቱ መተላለፍ አለበት፣ ያ እውነት ነው። ማይክል ፖላኒ የተባለው ፈላስፋ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደጋግሞ ያስረዳው ነገር አለ፤ ሰው በቃል ሊያስረዳ ከሚችለው በላይ ያውቃል። ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ድምፁ መለወጡን የሚሰማ ቴክኒሻን ያን በመመሪያ ወረቀት ላይ ጽፎ ሊሰጣችሁ አይችልም። አጠገቡ ቆሞ አብሮት የሚሰማ ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማሠልጠኑን የሥራ መደቡ አካል አድርጉት። ሰዓት ይመደብለት፣ ማዕረጉ ላይ ይጻፍ፣ አበል ካለ ይከፈለው። አሠራር ከመቀየራችሁ በፊትም ሐሳቡን ጠይቁት። ሐሳቡን ካልተቀበላችሁ ምክንያቱን ንገሩት።

ሽኝት እስኪደርስ መጠበቅ

በሽኝት ቀን የሚነገረውን ሁሉ ሰውየው ከአሥር ዓመት በፊት ቢሰማው ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው ሆኖ በሠራ ነበር። ጡረታ ሲወጣ በደንብ ሸኙት፣ ቤተሰቡንም ጥሩ። የቀረበትን ዓመት ሁሉ በእምባና በንግግር እንሞላዋለን ማለት ግን አይሆንም።

ቀኑ ያለፈባችሁ ሰው ካለስ? ምናልባት አሥራ አምስተኛ ዓመቷ ባለፈው ዓመት አልፏል፣ ማንም አላነሳውም። የሚቀጥለውን ሃያኛ ዓመት አትጠብቁ። ወደ እሷ ሂዱና እንደዘገያችሁ በግልጽ ንገሯት፣ ይቅርታም ጠይቁ። ሰበብ አትደርድሩ፤ ሲስተሙ ነው፣ ኤችአር ነው አትበሉ። ከዚያ የሠራችውን አንድ ነገር በስሙ ጠርታችሁ አመስግኗት፤ ደብዳቤውም ባለፈው ዓመት መሰጠት በነበረበት ቀን ስም ተጽፎ የግል ማህደሯ ውስጥ ይግባ።