ላፕላንድ ከጓደኛ ጋር፦ ብርድ ሳይመታችሁ የበረዶ ጨዋታ እንዴት ይሞከራል

ጓደኛዬ ከዱባይ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ሦስት ጂንስ፣ አንድ የሚያምር የቆዳ ጫማ እና «ለፎቶ» ያለችው ነጭ ካፖርት ነበር። በሰሜን ፊንላንድ፣ ላፕላንድ ውስጥ ያለችው ሮቫኒየሚ ባቡር ጣቢያ ስንወርድ ብርዱ ከዜሮ በታች 24 ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «አፍንጫዬ ውስጥ የሆነ ነገር ተጣበቀ» አለችኝ። የአፍንጫ ፀጉር ሲረጋ እንደዚያ ነው የሚሰማው። አትደንግጡ፣ ምንም አያደርግም። ጂንስ ግን ያደርጋል።

እኔ ሄልሲንኪ ስለምኖር ብርድ አውቃለሁ ባይ ነኝ። የሰሜኑ ግን ሌላ ነው። ደረቅ ስለሆነ መጀመሪያ ያን ያህል አይመስልም፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ጣት ላይ ይጀምራል። በረዶውም ቢሆን እኛ የምናውቀው ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው አይደለም። ድምፅ ሳያሰማ ሌሊቱን ሲወርድ ያድራል፣ ጠዋት መኪናችሁን ፍለጋ ትወጣላችሁ።

1. መቼ እንደምትሄዱ ወስኑ

ክረምት ስል የሐምሌውን ጭቃ ማለቴ አይደለም። ላፕላንድ ውስጥ በረዶው ከኖቬምበር ገደማ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ መሬት ላይ ይቆያል። አብዛኛው ሰው የሚሄደው ዲሴምበር ነው፣ ለገና። ዋጋው የሚሰቀለውም ያኔ ነው። ደግሞ ጨለማ ነው፤ ዲሴምበር 21 አካባቢ ሮቫኒየሚ ላይ ፀሐይ የምትታየው ለሁለት ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው፣ ጫፍ ላይ ያለው ኡትስዮኪ ደግሞ ለሰባት ሳምንት ያህል ጭራሽ አትወጣም። ፊንላንዶች ይህን ጊዜ ካሞስ ይሉታል። ድቅድቅ ጨለማ ግን አይደለም፣ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። የሚወደው አለ። ጓደኛዬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት «እንተኛ እንዴ?» ስትለኝ ነበር።

ለጀማሪ የምመክረው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ነው። ብርሃኑ ተመልሷል፣ በረዶው ወፍሯል፣ ብርዱም ብዙ ጊዜ ይላላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ በፌብሩዋሪ ሁለተኛ አጋማሽና በማርች መጀመሪያ የፊንላንድ ትምህርት ቤቶች በየተራ የስኪ (የበረዶ ሸርተቴ) ዕረፍት ስለሚወጡ ማረፊያ ቀድማችሁ ያዙ። ለምትጾሙ ደግሞ መጥፎ ዜና አለኝ። ዲሴምበር ብትሄዱ ጾመ ነቢያት ነው፣ ማርች ብትሄዱ ዐቢይ ጾም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ቤታችሁ ጨርሳችሁ ውጡ፣ ምክንያቱም እዚያ ሳልሞን በየገበታው አለ።

2. መንገዱንና ማረፊያውን ያዙ

የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ተጨማሪ ቪዛ አያስፈልገውም። እንደ ጓደኛዬ ከገልፍ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ይጠየቃል። መድኑን ስትገዙ ስኪና ስኖውሞቢልን (በረዶ ላይ የሚነዳውን ሞተር) ይሸፍን እንደሆነ አንብቡ፣ ብዙው በነባሪ አይሸፍንም።

ከሄልሲንኪ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። እኔ ግን የሌሊቱን ባቡር ነው የምወደው። 12 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ለሁለት ሰው የሚሆን አልጋ ያለው ክፍል አለው፣ ሻወር ያለበትም አለ። ማታ ወሬያችሁን እየኮለኮላችሁ ትገባላችሁ፣ ጠዋት መጋረጃውን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ነጭ ሆኗል። የአንድ ሌሊት ሆቴልም አተረፋችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሮቫኒየሚ ይበቃል። ስኪ ዋናው ዓላማችሁ ከሆነ ሌቪ ይሻላል፣ ጸጥታና የሰሜኑን ነባር ሕዝብ የሳሚዎችን ባህል ለማየት ደግሞ ወደ ኢናሪ ውጡ፤ እዚያ ያለው ሲዳ የተባለው የሳሚ ሙዚየም በእውነት ይገባዋል። ሮቫኒየሚ ከተማዋ ራሷ አታምርም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ አቃጥሏት ሄደ፣ ከዚያ ታዋቂው አርክቴክት አልቫር አልቶ መንገዶቿን በሬንዲር (በሰሜኑ አጋዘን) ጭንቅላት ቅርጽ አድርጎ እንደገና ነደፋት። ከመሬት ሆናችሁ አይታይም፣ ካርታ ላይ ፈልጉት።

3. አለባበስ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ሕጉ አንድ ነው፦ ጥጥ አይለበስም። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ የያዘው ላብ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እናንተም ትከተላላችሁ። ጂንስ ጥጥ ነው። የምትወዱት ካልሲም ምናልባት ጥጥ ነው።

ሦስት ድርብ ልበሱ። ከሰውነት ጋር የሚጣበቀው ቀጭን የሱፍ ልብስ ይሁን፣ ሜሪኖ የሚባለው ዋጋው ጠንከር ቢልም ለዓመታት ያገለግላል። በላዩ ወፍራም ሹራብ ወይም ፍሊስ። ከዚያ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬትና ሱሪ። ውድ ጃኬት ለመግዛት ግን አትሯሯጡ፤ የሀስኪ (ውሾች የሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ) እና የስኖውሞቢል ጉዞ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች አብዛኞቹ ወፍራም ቱታ፣ ቦት ጫማና ጓንት ከጉዞው ዋጋ ጋር ያውሳሉ። ስትመዘገቡ ጠይቁ። ገንዘባችሁን የውስጡ ልብስ ላይ አውሉ።

ጫማ በአንድ ቁጥር ይብለጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስት ካልሲ ደርቦ እግሩን ጫማ ውስጥ ሲያጠብቅ ነው፤ የሚያሞቀው ካልሲው ሳይሆን በመሃል ያለው አየር ነው፣ ጣቶቻችሁ ጫማው ውስጥ መንቀሳቀስ ካልቻሉ ይቀዘቅዛሉ። ጓንትም አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበት ዓይነት ይሻላል፣ ከሥሩ ደግሞ ለስልክ የሚሆን ቀጭን ጓንት። የብረት ጉትቻ አውልቁ። ብረት ብርድን በቀጥታ ወደ ጆሮ ያስተላልፋል።

ለሹሩባና ለአፍሮ፦ የሚሰጧችሁ ኮፍያም ሆነ ሄልሜት ለኛ ፀጉር ታስቦ አልተሠራም። ጓደኛዬ አናቷ ላይ የቋጠረችውን ሹሩባ ፈትታ ወደ ታች እስክትለቀው ድረስ ሄልሜት እምቢ አላት፣ ቡድኑ በሙሉ ቆሞ ጠበቃት። ከመሄዳችሁ በፊት ዝቅ ያለ ስፌት ተሠሩ፣ ሰፋ ያለ ኮፍያም የራሳችሁን ያዙ። ፀጉር ታጥባችሁ ሳይደርቅ አትውጡ።

አሁን ጓደኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። ብርድ ፊትን ሲይዝ መጀመሪያ ያማል፣ ከዚያ ሕመሙ ይጠፋል። የጠፋው ስለተሻላችሁ ሳይሆን ቆዳው ስለደነዘዘ ነው፣ ራሳችሁ ደግሞ የራሳችሁን ጉንጭ አታዩም። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው ፊት ለፊት ተያዩ። አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ የጆሮ ጫፍ። ነጣ ወይም ግራጫ ያለ ነጥብ ካያችሁ ጓንታችሁን አውልቃችሁ በሞቀ መዳፍ ሸፍኑት፣ እንዳታሹት፣ በበረዶ ማሸት የሚባለውንም እርሱት። በጥቁር ቆዳ ላይ ምልክቱ ቶሎ ስለማይለይ «ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ ከማየት ይበልጣል። ካልተሰማት ወደ ቤት ግቡ። እኛ በመጀመሪያው ቀን እየተሳሳቅን ነበር የምንተያየው፣ በሁለተኛው ቀን ግን የእሷ የግራ ጉንጭ እውነትም ነጥቶ አገኘሁት።

4. በቀን አንድ ነገር ብቻ

ብርድ ውስጥ መዋል ራሱ ሥራ ነው። ጠዋት ሀስኪ፣ ከሰዓት ስኖውሞቢል፣ ማታ የሰሜን ብርሃን (ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ብርሃን) ብላችሁ ካቀዳችሁ ማታ ላይ ትጣላላችሁ። ከልምድ ነው።

*ሀስኪ።* አንድ ነገር ብቻ መክፈል ከቻላችሁ ይህን ክፈሉ። ከ100 ዩሮ በላይ ነው፣ ጥቂት መቶ ሜትር አዙሮ የሚመልሰውን አጭሩን ግን ተዉት፣ ገና ሳይጀመር ያልቃል። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ጋሪው ላይ ይቀመጣል፣ መሃል ላይ ትቀያየራላችሁ። ውሾቹ በፊልም እንዳየናቸው ፀጉራም ግዙፎች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ለሩጫ የሚመረጠው የአላስካ ሀስኪ ቀጠን ያለ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ያለው ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ፍሬኑ እንደተለቀቀ ግን ዝም ይላሉ፣ ከዚያ የምትሰሙት የጋሪውን ሸርተቴና የራሳችሁን ትንፋሽ ብቻ ነው።

አነዳዱ እንዲህ ነው። ፍሬኑ ከእግራችሁ ሥር ያለ ብረት ነው፣ በሁለት እግር ቆማችሁበት ትይዛላችሁ። «ሂዱ» እስክትባሉ ከላዩ አትውረዱ። ዳገት ላይ በአንድ እግር እየገፋችሁ ውሾቹን አግዙ፣ ካላገዛችሁ ዞር ብለው ያዩአችኋል፣ ቀልድ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ያዙ፤ ገመዱ ሁልጊዜ የተወጠረ ይሁን፣ ከላላ ጋሪው ከኋላ ያሉትን ውሾች ሊመታ ይችላል። ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ አዘንብሉ። ከሁሉም በላይ ብትወድቁም እጀታውን አትልቀቁ። ውሾቹ እናንተን አይጠብቁም፣ ጓደኛችሁን ጭነው ይሄዳሉ። እኔ ለፎቶ ብዬ አንድ እጄን ለቅቄ በረዶ ውስጥ ተተከልኩ፣ ጓደኛዬ ብቻዋን ጋሪው ላይ ሆና ስሜን እየጠራች ስትርቅ ይታየኛል። መሪው ነው ፊት ለፊት ቆሞ ያስቆመላት።

*ሬንዲር።* የሰሜኑ አጋዘን ማለት ነው። ጋሪው ቀስ ይላል፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ለመተኛት ነው የሚመቸው። አንድ የጨዋነት ነገር ብቻ፦ አርቢውን «ስንት ሬንዲር አለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ባንክ ያለህን ንገረኝ እንደማለት ነው። ከብት አርቢ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ጆሮ ላይ የየባለቤቱ ምልክት ተቆርጦ ስታዩም አይገርማችሁም።

*ስኖውሞቢል።* ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል፣ የሌለው ከኋላ ይቀመጣል። ነዳጅ የምትሰጡት በቀኝ አውራ ጣት፣ ፍሬኑ በግራ እጅ ነው። ሲያዘነብል እግር አውጥቶ መሬት ለመርገጥ መሞከር የጀማሪ ስህተት ነው፣ እግር ይሰበራል፤ ሁለቱም እግር መርገጫው ላይ ይቆይ። መሬት ላይ የፍጥነት ገደቡ 60፣ በረዶ ሆኖ የረጋ ሐይቅ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ ጀማሪ ግን በ30ም ይጮኻል። ከመፈረማችሁ በፊት ማሽኑ ቢጎዳ ከኪሳችሁ የሚወጣው ስንት እንደሆነ አንብቡ። ማሽኑን ዛፍ ላስነካ ሰው የቀረበውን ሒሳብ በዓይኔ አይቻለሁ።

*ስኪ።* ከተራራ ከሚወረደው ይልቅ ሜዳ ላይ የሚኬድበትን ሞክሩ፣ ዱካው ነፃ ነው፣ ዕቃውን ብቻ ትከራያላችሁ። ሊወድቁ ሲሉ ወደ ጎን ቁጭ ማለት ነው። «ሐበሻና ስኪ ምን አገናኘው» ለሚላችሁ፣ ሮቤል ተክለማርያም በዚሁ ስፖርት ኢትዮጵያን ወክሎ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ተወዳድሯል በሉት።

የገና አባት መንደር ከከተማው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱን ማየት ነፃ ነው፣ ፎቶው ግን በገንዘብ። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

5. ማታ ሳውና

ወይባ ለገባ ሰው ሳውና አዲስ ነገር አይደለም፣ ጭሱ ብቻ ነው የሌለው። በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ ይፈሳል፣ እንፋሎቱ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ቀን የቀዘቀዘው አጥንት ሁሉ ይፈታል። ሴትና ወንድ ለየብቻ ሲሆን ልብስ አይለበስም፤ ካልተመቻችሁ ፎጣ ጠቅልሉ፣ ማንም ምንም አይላችሁም። ከዚያ በረዶ ተቦርቡሮ ወደተከፈተው ውሃ መግባት አለ። በመሰላሉ ቀስ ብላችሁ እስከ አንገት ብቻ ግቡ፣ ኮፍያችሁን አታውልቁ፣ ትንፋሽ ማውጣት ላይ አተኩሩ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት፣ የጠጣም ሰው ይቅርበት።

6. የሰሜን ብርሃን

ፊንላንዶች ስሙን «የቀበሮ እሳት» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ቀበሮ በጅራቷ በረዶውን ስትጠርግ ወደ ሰማይ የሚረጨው ነው ይላሉ። ማንም በእርግጠኝነት ሊሸጥላችሁ አይችልም። ደመና ካለ የለም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ዕድል አለው፣ ከመብራት ራቅ በሉ፣ የፊንላንድ ሜቲዎሮሎጂ ተቋም የሚያወጣውን ትንበያ ተከታተሉ። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ። ቱታችሁን በሩ ጋ ሰቅላችሁ ተኙ። መጀመሪያ ደመና ይመስላል፣ ግራጫ፤ ስልኩን በሌሊት ሞድ ስታነሱት ነው አረንጓዴው የሚወጣው። ጠንከር ሲል በዓይንም ይታያል፣ ያኔ ስልኩን ተዉት።

ከመንደር ርቃችሁ ከወጣችሁ የፊንላንድን «112 ሱኦሚ» መተግበሪያ ቀድማችሁ ጫኑ። በእሱ ስትደውሉ ያላችሁበትን ቦታ ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ይልካል፣ በጫካ መሃል የቦታ ስም ከመጥራት ያድናችኋል።

ስልኩን ደረታችሁ ውስጥ ከሹራቡ ሥር ያዙት፣ ብርድ ባትሪውን በደቂቃዎች ያጠፋዋል። ካሜራ ከያዛችሁ ደግሞ ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት፣ ውጭ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ አፉን እሰሩት። የሞቀው ክፍል ውስጥ እርጥበቱ ሌንሱ ላይ ሳይሆን ፌስታሉ ላይ ይቀመጣል። ፎቶውን ለማየት እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። እስኪሞቅ አትክፈቱት፣ ሻይ አፍሉ።