በጀሪካንና በገመድ ቤት ውስጥ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንዴት ይጀመራል?

በደብረ ማርቆስ ሐምሌ ከገባ በኋላ ማለዳ ተነሥቶ ሶምሶማ መውጣት ቀላል አይደለም፤ ጭቃው ጫማ ይይዛል፣ ብርዱም ከደጅ ይመልሳል። ሲያርስ፣ ሲያርምና ሲወቃ ለሚውል ገበሬ ይህ ጽሑፍ ብዙ የሚጨምርለት ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ወይም ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚበቃው ክብደት ማድ ቤቱ ጥግ ላይ አለ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ የተሞላ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ከ5 ኪሎ ብረት አይተናነስም።

ጀማሪን የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ የዕቃ እጦት ሳይሆን የመጀመሪያው ቀን ጉጉት ነው። እኔ ራሴ በጀመርሁበት ዕለት ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ሞልቼ፣ ወገቤን አጉብጬ ከመሬት ብድግ አደረግሁት፤ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ያሳለፍሁት አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መጠን ቢያንስብዎትም ለሁለት ሳምንት እንዳለ ይያዙት። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ በሥራው መካከል ደረትን የሚያስጨንቅ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያውኑ ማቆም ያስፈልጋል።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ሁለት እኩል የሆኑ ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች፣ ሁለት ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲኮች፣ የማይነቃነቅ ወንበር ወይም የቤት መደብ፣ ሰሌን ወይም አጎዛ፣ እና ሦስት ሜትር ያህል ገመድ ይበቃሉ። ጀሪካኑን ከውጭ በሞቀ ውሃና በዱቄት ሳሙና ደጋግመው ይጠቡት፤ እጀታው ላይ የቀረች ትንሽ ዘይት ከላብ ጋር ስትገናኝ ጀሪካኑ ከእጅ ያመልጣል። በእጀታው ሥር ፕላስቲኩ የተጋጠመበት ስለታም መስመር መዳፍን ስለሚቆርጥ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ይጠምጥሙበት። ከዚያ እስከ አፉ ይሙሉትና ክዳኑን ያጥብቁ። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ቀላል ይመስላል እንጂ ሲያነሡት ውሃው ወደ አንድ ጎን ይንቦጫረቅና የእጅ አንጓን ይጠመዝዛል። ቀለል ያለ ክብደት የፈለገ ሰው ትልቁን ከሚያጎድል ትንሹን ቢሞላ ይሻለዋል።

የገመዱ ልክ የሚታወቀው መሐሉን ረግጠው ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ሲስቡ ብብትዎ ሥር ሲደርሱ ነው።

ቀኖቹን መምረጥ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሆነ የልብና የትንፋሽ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። በየስልኩ የሚዘዋወረው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻውን ሥራ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ላይ ያደርገዋል፤ ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሰው ግን ይህ አይመችም። ስለዚህ ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ያድርጉት፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ለ40 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ እሑድ ይረፉ። በሁዳዴ ሥራውን ከጾም መፍቻ በኋላ ምግቡ ረጋ ሲል ወደ ማምሻው ያዛውሩት፤ ዙሩንም ይቀንሱ። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ጡንቻ የሚፈልገውን ፕሮቲን ስለሚሰጡ በጾም ወቅት ሳህኑ ላይ በርከት ቢሉ መልካም ነው።

የጉልበቱ ሥራ

አምስት ደቂቃ ባሉበት እየረገጡ፣ ትከሻዎንና ዳሌዎን እያዞሩ ሰውነትዎን ያሟሙቁ።

የመጀመሪያው ሥራ ቁጭ ብድግ ነው። ከመደቡ ፊት ጀርባዎን ሰጥተው እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው ይቁሙ፤ መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየገፉ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ መደቡን ነካ አድርገው፣ ሳያርፉበት፣ ተረከዝዎን ተጭነው ይነሡ። ጉልበትዎ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ከሆነ ወደ እግር ጣቶችዎ አቅጣጫ ይግፉት። በ10 ጊዜ ካልደከመዎት አንዱን ጀሪካን በሁለት እጅዎ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይሥሩ።

ቀጥሎ ፑሽ አፕ ይመጣል። መሬት ላይ መሥራት ያልቻለ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከሚታገል ይልቅ እጁን ግድግዳ ላይ፣ ሲበረታ መደብ ላይ፣ በመጨረሻ መሬት ላይ ቢያደርግ ሰውነቱ ከራስ እስከ ተረከዝ ቀጥ ማለትን ይለምዳል። ከዚያ አንድ እጅዎን ወንበር ላይ ተደግፈው፣ በሌላው ጀሪካኑን ወደ ጎንዎ ይሳቡ፤ ክርንዎ ጎንዎን ታክኮ ወደ ላይ ይውጣ። ሁለቱን የውሃ ፕላስቲኮች ከትከሻ ወደ ላይ መግፋትም አለበት፤ በዚህኛው ወገብን ወደ ኋላ አለመለጠጥ ብቻ ይጠንቀቁ።

እኔን የጎዳኝን ከመሬት የማንሳት ሥራ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ሁለቱን ጀሪካኖች ከእግርዎ ግራና ቀኝ ያስቀምጡ። በሩን በመቀመጫዎ የሚዘጉ ያህል ዳሌዎን ወደ ኋላ ይግፉ፣ ጉልበትዎን በመጠኑ ይጠፉ፣ ጀርባዎን እንደ ሞፈር ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ከዚያ መሬቱን በእግርዎ እየገፉ ይቁሙ። በሚያነሡበት ጊዜ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ ትንፋሽ አፍኖ ማንሳት የደም ግፊትን ስለሚያሻቅብ ነው። በመጨረሻ ሰሌኑ ላይ በክርንዎና በእግር ጣቶችዎ ተደግፈው ለ20 ሰከንድ ቀጥ ብለው ይቆዩ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክብደት የሚነሣባቸውንና የሚገፉባቸውን ሥራዎች ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሁሉንም በሁለት ዙር ይሥሩ፤ በዙሮቹ መካከል ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይረፉ። እያንዳንዱን ዙር ሲጨርሱ ገና ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የመድገም አቅም ሊቀርዎት ይገባል። በማግስቱ ጡንቻዎ ሊያምዎት ይችላል፤ ስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው ቅዳሜ ከአልጋ ሲወርድ የሚሰማውን የጭን ሕመም ያውቀዋል። ይህ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ስለሆነ ያንን ሥራ ይተዉት።

የትንፋሹ ሥራ

ከጉልበቱ ሥራ በኋላ ለ10 ደቂቃ ገመድ ይዝለሉ፤ 20 ሰከንድ ዘልለው 40 ሰከንድ ባሉበት ይራመዱ። ከመሬት የሚነሡት ገመዱ የሚያልፍበትን ያህል ብቻ ይሁን፤ ከተቻለም ከሲሚንቶ ይልቅ የግቢ አፈር ላይ ይዝለሉ። ሦስቱ ቀን 30 ደቂቃ፣ የእግር ጉዞው 120 ደቂቃ ሲሆን ተደምሮ 150 ይሞላል። በጉዞው ላይ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት ፍጥነቱ ልክ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥረው ፍጥነቱን ይቀንስ።

መጠኑን ማሳደግ

በሦስተኛው ሳምንት ሦስተኛ ዙር ይጨምሩ። አንዱን ሥራ በሦስቱም ዙር 12 ጊዜ ሳይንገዳገዱ ከሠሩት ለእርሱ ብቻ ክብደት ይጨምሩለት፤ ጀሪካኑን ከውሃው አራግፈው ደረቅ አሸዋ ቢሞሉበት ያው ዕቃ ወደ 7 ኪሎ ተኩል ይጠጋል። የሠሩትን መጠንና ቀኑን በደብተር ይመዝግቡ፤ ትዝታ ሁልጊዜ ከተሠራው በላይ ይቆጥራል። ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም መንገድ አንድ ሳምንት ቢያስተጓጉልዎት ካቆሙበት አንድ ዙር ቀንሰው ይቀጥሉ፤ ከወር በላይ ከሆነ ግን አሸዋውን ደፍተው ውሃውን ይመልሱና ከአንደኛው ሳምንት ይጀምሩ።